ባለቤቴን በስሙ ስላመሰገኑት

ለክቡር ሚስተር ሄንሻው፣
በቻይና፣ በካንቶን ወደብ የእንግሊዝ ነጋዴዎች አለቃ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እንቅልፍዎስ፣ የምግብ ፍላጎትዎስ? እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴ መምህር ኪዩ ሩይ ብቻ ታስሮ ፍርዱን እየጠበቀ ነው። ይህን ደብዳቤ በድብቅ በእጅዎ እንዲገባ የጻፍኩት፣ ደግነትዎን ሳላመሰግን እንዳልቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ቋንቋችንን ለፈረንጅ ያስተማረ አንገቱ እንደሚቀላ እያወቁ፣ ባለቤቴን ለምነውና ደጅ ጠንተው አስተማሪዎ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ዘበኞች እንዳይጠረጥሩት እንቁላል ሻጭ መስሎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የዳክዬ እንቁላል በቅርጫት ተሸክሞ ሲመላለስ፣ እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አልገዙትም። እኛው በላነው፤ ልጆቼ ዛሬም እንቁላል ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሁለተኛ፣ ያሳተሙት የቻይንኛ መማሪያ መጽሐፍ ግሩም ነው አሉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነትም ሆነ የሻይ ንግዱ የቆመው በዚህ ታላቅ መምህር ትከሻ ላይ ነው ብለው፣ ስሙን ከነአባቱ፣ ሰፈሩን ከነመንገዱ፣ ያውም በእኛው ፊደል ጽፈው አመስግነውታል። ወታደሮቹ ማንንም ሳይጠይቁ ቤታችንን አገኙት፤ ስላላደከሟቸው እነሱም ያመሰግኑዎታል።

ሦስተኛ፣ ይርዱኝ ብዬ ሦስት ቀን በርዎ ላይ ብቆም፣ ሻይ የጫነችው መርከብ እስክትነሳ ነገሩን አልነካካም ብለው ላኩብኝ። እውነትዎን ነው፤ ሻይ እርጥበት ይጎዳዋል። ባለቤቴ እርጥብ መሬት ላይ መተኛት ለምዷል።

አሁን ግን ትንሽ ተስፋ አለን። ባለቤቴ፣ «ፈረንጁ ከቋንቋችን አንዲት ቃል አያውቅም፤ መጽሐፉን ሌላ ሰው ነው የጻፈለት» ብሎ እየተከራከረ ነው፤ ዳኛውም ማመን ጀምረዋል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባክዎ ዝም ይበሉ።

የአገርዎ መልእክተኞች ለንጉሣችን የነፈጉትን ስግደት ለእርስዎ እየሰገድኩ፣ ከነልጆቼ የደግነትዎ ተቋዳሽ የሆንኩት፣
ፓን ሱዪን፣ የመምህሩ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን በድብቅ ልሰጥዎ ስወጣ፣ መርከቧ መሄዷንና እርስዎም በገዛ እጅዎ በቻይንኛ ጽፈው ለዳኛው የምሕረት ልመና መላክዎን ሰማሁ፤ ከእንግዲህ የሚደበቅ ስለሌለ፣ ወጪ ወራጁ ሁሉ አንብቦ ደግነትዎን እንዲያውቅልዎ በንግድ ቤትዎ በር ላይ ለጠፍኩት። ዳኛው በችሎት እርስዎን በፊታቸው በቻይንኛ አስጽፈው ከልመናው ጋር ቢያመሳክሩት፣ የእጅ ጽሑፉ የእርስዎው ሆነ። ሁለት ጊዜ አንብበውም፣ «ወይ ጉድ፤ አንድ ስህተት እንኳ የለበትም። በደንብ ነው ያስተማረው» አሉ። ፍርዱ ነገ ጠዋት ይፈጸማል።