«ጨጓራማ ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ»

ማክሰኞ፣ ማርች 7፣ 2017

ጨጓራ ብዬ ነው ጉድ የሆንነው። ያልኩትም እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ።

የሕክምና ወጪ ከሚያጋራን ማኅበር ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። ሁለት ገጽ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ግማሹ ጸሎት ነው። ከዚያ በታች የባለቤቴ የተፈራ ሕመም «ለመካፈል ብቁ አይደለም» ይላል። ምክንያት፦ ማኅበሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የነበረ በሽታ ነው። ማስረጃ፦ ጃንዋሪ ላይ ክሊኒክ የሄድን ቀን የተጻፈች አንድ መስመር። ሥር የሰደደ የጨጓራ ሕመም፣ ከልጅነት ጀምሮ።

መስመሯን የጻፈችው ነርሷ ናት፣ ቃሉ ግን የኔ ነው። መቼ ጀመረህ ስትለው ተፈራ እንደማንኛውም ሐበሻ «ጨጓራማ ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ» አለ። ሐኪም ፊት እንግሊዝኛው ይጠፋበታል፣ ስለዚህ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ። «ክሮኒክ ጋስትራይቲስ» አልኩ። ቃሉን በማወቄ ኮራ ብዬም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በካሜራ ሲያዩት የተገኘው እጢ ነው፣ ክፉው ዓይነት።

ኦፕራሲዮኑ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሆስፒታሉ ማን እንደሚከፍል የሚያሳይ ወረቀት እስከ ሰኞ ከሰዓት ካላገኘ ቀኑን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሐኪሙ ደግሞ ባይዘገይ ጥሩ ነው ብሎናል፤ እንደዚህ ሲል ፊቱን አይቼዋለሁ።

ለተፈራ ደብዳቤ መምጣቱን ነገርኩት። ምን ይላል ሲለኝ ገና እያነበብኩ ነው አልኩት። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 8

ማኅበሩ ጋ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ መዝሙር አሰሙኝ። ያነሳችው ልጅ መጀመሪያ እንጸልይ አለች። ጸለየችልኝ፤ ከልቧም ነው፣ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። አሜን ካልኩ በኋላ ጥያቄዬን ጀመርኩ። የወሰነው ማን ነው? ኮሚቴ። እነማን ናቸው? አይነገርም። አምና ስንት ሰው እንዲህ መለሳችሁ? እንዲህ ያለ ቁጥር አናወጣም። በየትኛው መመሪያ? አሁን ባለው። እኛ ስንገባ የነበረውስ? ተሻሽሏል። ማን ነገረን? ዌብሳይቱ ላይ ተለጥፏል። በመጨረሻ ኢንሹራንስ እንዳልሆኑ፣ የመክፈል ግዴታ እንደሌለባቸው፣ አባላት በፈቃዳቸው እንደሚረዳዱ በትሕትና አስረዳችኝ። በየወሩ ስንከፍል ግን «በፈቃዳችሁ» ያለን ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀጥታ ፌርፋክስ፣ ጋሼ መኮንን ቢሮ። ታክሳችንን የሚሠሩልን እሳቸው ናቸው፣ ወደዚህ ነገር ያስገቡንም እሳቸው። አምና በዚህ ሰሞን ወረቀታችንን ይዘን ስንሄድ ኢንሹራንስ የሌለው ይቀጣል አሉን። ኢንሹራንስ ውድ ነው፣ መዲካል የሚባለው የመንግሥት ነጻ ሕክምና ደግሞ ሥራ ለያዘ ሰው አይሆንም አሉ። ይኼ ግን የክርስቲያኖች መረዳጃ ነው፣ ቅጣቱንም ያስቀራል። «በቃ እድር በይው፤ ለቀብር ሳይሆን ለሕመም» ነበር ያሉት። እድር ሲሉኝ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። እንዲያውም ለሁለት ሰው እድር ነው ብዬ ነግሬ አስገብቻለሁ።

ዛሬ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ያንን ቃል መለስኩላቸው። እድር ዳኛው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ደንቡ ጉባኤ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ሲቀየርም እጅ ወጥቶ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ግለጥ ከተባለ ይገልጣል። ድንኳን የተከለከለ ሰው ካለ ለምን ተከለከለ ብሎ ስብሰባውን የሚበጠብጥ አይጠፋም፤ አባቴ ራሱ ከበጥባጮቹ አንዱ ነበር። ይኼኛው የቱ ጋ ነው እድር የሆነው?

«ስንዱ፣ እኔ እድር ያልኩት እንዲገባችሁ ብዬ ነው» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሰው ሲያስገቡ ማኅበሩ የሚሰጣቸው ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ነገር አለ አሉ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ እንዲህ አፍጥጬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ማርች 9

ቫን ናይስ፣ ሥራ። የምንከባከባት አሮጊት ቁርሷን በልታ ቲቪዋን ስትከፍት ስልኬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። የስቴቱ ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ቢሮ ደወልኩ። የሰውዬው ድምፅ ለስላሳ ነው፣ ሁሉንም አስጨረሰኝ። ከዚያ፣ ይኼ ኢንሹራንስ ስላልሆነ በኛ ሥር አይደለም አለ። ታዲያ በማን ሥር ነው? «አዝናለሁ እመቤቴ» አለኝ። እንግዲህ ኢንሹራንስ አይደለም ማለት ለእነሱ መከታ ነው፣ ለኛ ደግሞ ሜዳ ላይ መቅረት።

አንድ ነገር ግን ነገረኝ። እንዲህ ያሉ ማኅበራት በየዓመቱ ሒሳባቸውን በውጭ ኦዲተር አስመርምረው ለጠየቀ ሁሉ መስጠት አለባቸው። ጠየቅኩ። ከሰዓት በኋላ በኢሜይል መጣ! አንድ ነገር ጠይቄ ሲሰጡኝ የመጀመሪያው ስለሆነ ዕንባዬ መጣ።

አሮጊቷ ድሮ ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ስልኬን ተቀበለችኝና አጉልታ፣ አፍንጫዋን ልታስነካው ምንም አልቀራት፣ ገጽ በገጽ አየችው። ንጹሕ ወረቀት ነው አለች። ምን ያህል እንደገባና እንደወጣ ይናገራል። «ማንን እምቢ እንዳሉ ግን አይናገርም፤ የፈለግሽው እሱን ከሆነ እዚህ የለም» ብላ ስልኬን መለሰችልኝ።

መንገዱ ተዘግቶ ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ተፈራ ሹሮውን ሁለት ጎርሶ ተወው። ጾሙ ነው ይላል። አምናም ሁዳዴ ላይ እንዲህ ነበር፤ ያኔ ጾም አጠበቀ ብዬ ለሰው አወራሁለት። እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ።

ደብዳቤውን ዛሬ አነበብኩለት። ስጨርስ «እንግዲህ» ብቻ አለ።

ዓርብ፣ ማርች 10

ይግባኝ አለ! ጠዋት ደጋግሜ ስደውል አንዷ አፏ አመለጣት መሰለኝ ነገረችኝ። ሌላ ኮሚቴ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ይሰበሰባል። የሚፈልጉት ሁለት ነገር፦ የክሊኒኩ መስመር ስህተት ከሆነ ማብራሪያ፣ ደግሞም አባሉ ራሱ የፈረመበት ቃል። ከመግባቴ በፊት ምንም ምልክት አልነበረኝም፣ ይህን በእግዚአብሔር ፊት አረጋግጣለሁ፣ ይላል ፎርሙ።

ማብራሪያውን ዛሬ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። እኛ ዘንድ ጨጓራ በሽታ ብቻ አይደለም አልኳቸው። ሲርበን ጨጓራዬ ተነሳ እንላለን። በርበሬ ሲበዛ ጨጓራዬ። ነገረኛ ሰው ሲገጥመን ጨጓራዬን ላጠው። የታክሲ ሾፌር ሁሉ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ ሁሉ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የማይበላ ሁሉ ጨጓራ አለበት፤ እንዴት ዋልክ ሲባል እንደሚመልሰው መልስ ነው። ባሌ የተናገረው የወሬ ቃል ነበር፣ እኔ ነኝ የሐኪም ቃል ያደረግኩት። ጥፋቱ የአስተርጓሚ ነው።

እንግሊዝኛዬ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም። አንብቤ ለተፈራ በአማርኛ ስመልስለት ጨጓራዬን ላጠው የምትለው ጋ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው። ሰኞ ኮሚቴው ፊት ይኼ ወረቀት ብቻውን የሚበቃ መሰለኝ። እሱ መፈረም ብቻ ነው የቀረው፤ ነገ እፈርማለሁ አለ።

ቅዳሜ፣ ማርች 11

አልፈረመም።

እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። ዓይኑ ደከመው ብዬ መብራት አበራሁለት። ከዚያ ፎርሙን ወደኔ ገፋው።

«ስንዱ፣ ለነርሷ ያልሽው ውሸት አይደለም» አለኝ።

ከመግባታችን ሁለት ወር በፊት ነው የጀመረው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁር ነበር። ኤርፖርት ታክሲውን አሰልፎ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ወርዶ ግድግዳ ይዞ ይቆማል። ለማንም አልተናገረም። ጋሼ መኮንን እድር ሲሉ እኔ ቃሉን ሰምቼ ነው የገባሁት፣ እሱ ግን ሕመሙን ይዞ ነው የገባው። ቶሎ ብሎ የፈረመውም ለዚያ ነው። ከገባን በኋላስ ለምን አልታየህም አልኩት። ወዲያው ከታየሁ ከድሮ ነው ይሉኛል፣ ዓመት ሲሞላ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነው አለ። ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ነው ታክሲው ውስጥ ራሱን የሳተው።

ጮኽኩበት። የሞተ ሰው እድሩን አይከፍልም፣ ምን ያስጠብቅሃል አልኩት። የታመመ ሰው ላይ መጮኼን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፣ ያኔ ግን አላፈርኩም። ደግሞም ለምን አትፈርምም አልኩት። እነሱ ስንቱን ደብቀው፣ ኮሚቴያቸውን ደብቀው፣ ደንባቸውን በጎን ቀይረው፣ እኛ አንዲት ነገር ብንደብቅ ምን ይለናል? አንተ ካልፈረምክ እኔ እፈርምልሃለሁ አልኩ። ፊርማውን አውቀዋለሁ።

«በእግዚአብሔር ፊት ይላል። እሷን ቃል ባያስገቡ ኖሮ እፈርም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልፈረምኩም። አልቀደድኩትምም።

እሑድ፣ ማርች 12

ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ስንቀመጥ እትዬ ዘነበችና ጽጌ አጠገቤ ነበሩ፤ ማኅበሩ ውስጥ ያስገባኋቸው ሁለቱ ናቸው። እትዬ ዘነበች ደም ብዛት አለባቸው። ምስር እየጎረሱ ስለ ፋሲካ ሲያወሩ አየኋቸውና አላስችል አለኝ።

ነገርኳቸው። ደብዳቤውን፣ ኮሚቴውን፣ ኢንሹራንስ አይደለንም ማለታቸውን፣ ኦዲቱ እምቢ የተባሉትን እንደማይጽፍ። እድር ነው ያልኳችሁ ደንቡን ሳላነብ ነው አልኩ። የተፈራን ምስጢር ግን ለሱ ተውኩት። ከሌላ ጠረጴዛ ሰው ዞር ዞር ማለት ጀመረ።

እትዬ ዘነበች የያዙትን እንጀራ አስቀመጡ። «አንቺን አምኜ እኮ ነው የገባሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጋሼ መኮንን ከወዲያኛው ጥግ ተነስተው መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። ልክ ናት አሉ፣ ያስገባኋችሁ ሁሉ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ቢሮዬ ኑ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ያም ሆኖ አልራራሁላቸውም።

ጽጌ ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ምዝገባ ላይ ትሠራለች። ስንወጣ እጄን ይዛ ወደ መኪናዋ ወሰደችኝ። ተፈራ ታክሲ ከነዳ ስንት ጊዜው አለችኝ። ከጃንዋሪ ወዲህ ቁልፍ አልነካም አልኳት።

«ሶ፣ መዲካል የሚያየው የዚህን ወር ገቢያችሁን ነው። ነገ በጠዋት ሂጂና አፕላይ አድርጊ። ሥራ ላለው አይሆንም ያለሽ ማነው?»

ማን እንደሆነ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

ሰኞ፣ ማርች 13

የመዲካሉ ቢሮ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ፎርሙን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ፣ አሁንም ያልተፈረመ። ይኼኛው ካልሆነ እፈርማለሁ ብዬ ወስኜ ነበር፤ እዚህ ለራሴ ልዋሽ አልችልም። ስልኬ ላይ የኮሚቴው ሰዓት ሲያልፍ አየሁት።

ያስተናገደኝ ወፈር ያለ፣ አንገቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው። አድራሻ፣ ስንት ሰው ናችሁ፣ የዚህ ወር ገቢ፣ የአምናው ታክስ። እኔ የጨጓራውን ማብራሪያ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ልንገርህ ብዬ ስጀምር እጁን አነሳ። እሱን አንጠይቅም አለኝ። ፎርሙ ላይ ቦታም የለውም። ወረቀቴን አጥፌ መለስኩት።

በአስቸኳይ ይታይ የሚል ማህተም አደረገበት። ተስፋ አለው፣ ያልፋል ብዬ አስባለሁ አለ። ከዚያ የአምናውን ታክስ ገልጦ እያየ፣ ለኔም ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ በዚህ ገቢ እኮ አምናም ያልፍ ነበር አለ። ደግሜ ጠየቅኩት። ደገመልኝ። ተፈራ አምና ይህን ጊዜ ቢመጣ ኖሮ ማንም መቼ ጀመረህ ሳይለው ሐኪም ያየው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ይዞ የቆመው እንዳይጠየቅ ብሎ ነው።

ሆስፒታሉ የማመልከቻውን ወረቀት ተቀብሏል፣ ሐሙስ ግን ቀርቷል። የመዲካሉ ካርድ ሲመጣ አዲስ ቀን ይሰጡናል። መቼ? አይታወቅም።

ቤት ስገባ ተፈራ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ምን አሉሽ አለኝ። ያልፋል እንዳለኝ፣ ቀኑ እንደተገፋ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ እንኳን እንዳልጠየቁኝ ነገርኩት። ጭራሽ? አለኝ። ጭራሽ አልኩት። ፊቱ ፈታ አለ፣ ሾርባ ስጪኝ አለ፣ ግማሹን ጠጣው። ያልተፈረመውን ፎርም ቀድጄ ጣልኩት።

ስለ አምናው ግን አልነገርኩትም። ሳምንቱን ሙሉ ለምን አይነገረንም እያልኩ በር ስደበድብ የከረምኩት እኔ፣ እሱ ጋ ስደርስ አፌ ተያዘ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እነግረዋለሁ ብያለሁ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም።