«ምንም አልጎደለንም» ተብሎ ስለ ተጻፈብን

መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.
ጎንደር

ለክቡር የኑሮ ልዩነትና የመጪው ዘመን ተስፋ ጥናት ስኮላርሺፕ ጽሕፈት ቤት ሹም
ጎንደር

አመልካች፦ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጎሹ፣ በሰሜን አውራጃ፣ በጃናሞራ ወረዳ፣ የጥድ አፋፍ ቅዱስ ሩፋኤል አጥቢያ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የጽሕፈት ቤትዎ አጥኚዎች ስለ አጥቢያችን የጻፉት ሐተታ እውነት ስላልሆነ እንዲታረም፣ በእርሱም ምክንያት የተወሰደብን ጤና ጣቢያ እንዲመለስልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለክቡርነትዎ እንደሚገባ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እጅ ከነሣሁ በኋላ ግን ቁጣዬን አልደብቅም። በቃሌ ስናገር የሚጽፍልኝ በፍርድ ቤቱ በር ተቀምጦ ለባለጉዳይ የሚጽፈው አቶ ፋንታሁን ነው፤ «እማማ፣ ለሹም እንዲህ አይጻፍም፣ ጉዳይዎ ይበላሻል» እያለ ብዕሩን ያስቀምጣል። ጉዳዬ ከተበላሸ ቆይቷል። ልጄ ወለላ ነፍሰ ጡር ናት፤ በግንቦት ትወልዳለች፤ በጾም ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ እርሱ ያልሁትን ሁሉ እንዲጽፍ፣ እርስዎም የተጻፈውን ሁሉ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

፩ኛ፤ በዚህ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላኩ አራት ወጣቶች በበቅሎ ወደ አጥቢያችን መጡ። መሪያቸው ሕግ የተማረው አቶ ሐዲስ ነበር። ከእርሱ ጋር አንድ ሕክምና የተማረ፣ አንድ እርሻ የተማረ፣ ደግሞም ስለ ሰው ጠባይና ኑሮ ተማረች የተባለች ወይዘሪት ይመኙሽ ነበሩ። ስኮላርሺፕ ተሰጥቷቸው፣ እያንዳንዱ የየትምህርቱን ይዞ፣ ባንድ ላይ ሆነው የሀብታሙንና የድኻውን ልዩነት ሊመረምሩ፣ ሕዝቡም ለመጪው ዘመን ምን እንደሚመኝ ሊጠይቁ መምጣታቸውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነገሩን። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሕጉን የሚያውቅ፣ ሕመሙን የሚያውቅ፣ አፈሩን የሚያውቅና ሰውን የሚያውቅ አብረው ከመጡ የሚያመልጣቸው ነገር አይኖርም ብዬ ነበር። ሁሉም አመለጣቸው።

፪ኛ፤ እንግዳ የሚያርፈው በሹም ቤት ነውና ያረፉት በጭቃ ሹም የሻው ቤት ነው። የሻው ግብራችንን የሚሰበስብ፣ የድንበር ጠባችንን የሚዳኝ የአጥቢያችን ሹም ነው፤ የሟቹ ባለቤቴ ወንድምም ስለ ሆነ ባዳ ሰው አላማሁም። ለእንግዶቹ ድርጎ አውጡ ብሎ በየቤቱ አዘዘ። አንዱ ጤፍ፣ አንዱ ማር፣ አንዱ ለበቅሎዎቹ ገብስ አወጣ። ከእኔ ቤት በግ ወጣ። ከእርሷ ሌላ በግ አልነበረኝም። ሐተታው ስለዚህ ነገር የሚለው «የአጥቢያው ሰው በአዘቦት ቀን እንኳ ሥጋ ይመገባል» ነው። የተመገቡት እነርሱ ናቸው። እኔ ቆዳዋን እንኳ አላገኘሁም፤ ቆዳ የሹሙ ነው።

፫ኛ፤ ጥያቄው የተጠየቀው በዚያው ቤት፣ ከግብዣው በኋላ፣ የሻው በመካከላቸው ተቀምጦ ነው። ሴቶቹ ጓዳ ነበርን፤ እኔም ጠላ ስቀዳ ሁሉን እሰማ ነበር። አቶ ሐዲስ ወንዶቹን በየተራ «ምን ይጎድላችኋል?» እያለ ጠየቀ። የሚጎድለንን የሚያጎድለው ሰው ጉልበቱን ነክቶት ተቀምጧል። በመጀመሪያ የተነሣው አያ ሰጠኝ ነው፤ ይህ ሽማግሌ የአባቱ ርስት በየሻው ዳኝነት የሄደበት ሰው ነው። «በጃንሆይ ጥላ፣ በሹማችን ደግነት ምንም አልጎደለንም፤ እናንተን የመሰለ እንግዳ ያመጣልን እግዜር ይመስገን» ብሎ ተቀመጠ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሁሉ የእርሱኑ ደገመ። አያ ሰጠኝን አልወቅሰውም። እንግዶቹ በበቅሏቸው ይሄዳሉ፣ እርሱ ከየሻው ጋር ይቀራል።

የሻው እንኳ ባይኖር በእኛ አገር ለበላ ለጠጣ እንግዳ የቤት ችግር አይነገርም፤ ነውር ነው፣ ጉርሻውን መቁጠር ይሆናል። ይህን ፈረንጅ ባያውቅ አልፈርድበትም። አቶ ሐዲስ ግን የእንፍራንዝ ልጅ ነኝ ብሎናል። እናቱ ለእንግዳ «ጎደለኝ» ስትል ሰምቶ ያውቃልን? የገዛ እናቱን ጨዋነት ተምሮ ሲመለስ ረሳው? ይህን ስናገር ፋንታሁን የሰው እናት አይነሣም አለኝ። እኔም እናት ስለ ሆንሁ ነው የማነሣት።

፬ኛ፤ ሐተታው «በነዋሪዎቹ መካከል የጎላ የኑሮ ልዩነት አልታየም፤ አለባበሳቸውም ተመሳሳይ ነው» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እንግዳ መጣ ሲባል የሌለው ካለው ጋቢ ይዋሳል። በዚያ ቀን ጎረቤቴ በላቸው የለበሰው ጋቢ የአማቹ ነው፤ እንግዶቹ በቅሏቸውን ሳይጭኑ ለባለቤቱ መልሶታል። ልዩነቱን ለማየት ከፈለጉ ጋቢውን ትተው መቀመጫውን ቢያዩ ምን ነበረበት? ባለ ርስቱ ከመደብ ላይ ነው፤ ትንሽ ያለው ከታች ነው፤ የሰው መሬት የሚያርሰው ከበሩ ሥር ነው፤ ሸክላ የሚሠሩትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደግሞ ከነጭራሹ አልተጠሩም። ሊጽፉት የመጡት ነገር በየማዕርጉ ተደርድሮ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ነበር። እነርሱ ግን ጠላ እየጠጡ ልዩነት የለም አሉ።

፭ኛ፤ አሁን የምናገረው ስለ ልጄ ስለ ወለተሩፋኤል ነው። ፋንታሁን ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብሎኛል፤ ጉዳዩ ይህ ነው ብዬዋለሁ።

ወለተሩፋኤል የመጀመሪያ ልጄ፣ የወለላ ታላቅ ናት። በመስቀል ሰሞን ምጥ ያዛት፤ ሕፃኑ አልወጣ ብሎ አደረ። ታቦታችን ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ የምትጠራው እርሱን ነው፤ እኛም ጠራነው፣ ጠበሉንም አጠጣናት። በነጋው ተሸክመናት ወደ ደባርቅ ሐኪም ፍለጋ ወጣን። ክረምቱ ጠቅሎ አልወጣም ነበርና ወንዙ ሞልቶ ቆየን። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ከነልጇ ሞተችብኝ። እጄን ይዛ ነበር። «እሜ፣ ምነው አንሻገርም?» አለችኝ።

እንግዶቹ የመጡት የአርባ ቀኗን ተዝካር ባወጣሁ ማግስት ነው። ጸጉሬን ተላጭቼ፣ ከል ለብሼ፣ ፊቴን ነጭቼ ነበር። ወይዘሪት ይመኙሽ ወደ ጓዳ ብቅ ብላ «እማማ፣ ደህና ነዎት? ጤናዎን ደህና ነዎት?» አለችኝ። «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» አልኋት። ሌላ ምን ይባላል? ሬሳ በቤታችን ተኝቶ ለሚገባ ሰው ሁሉ እግዜር ይመስገን የምንል ሰዎች ነን። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። የጻፈችውን አሁን አውቄዋለሁ፦ «የሴቶቹ ጤንነት መልካም ነው፤ ስለ ሕመም ያማረረ አልተገኘም።» ሰውን ያጠናች ልጅ የተላጨ ራስና የጠቆረ ቀሚስ አይታ ማን ሞተብዎ አላለችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ ጠላውን አስቀምጬ ሁሉን እነግራት ነበር። ትምህርቷን አልጠላም፤ በዚያች ሰዓት ግን ምን እንዳደረገላት አላውቅም።

፮ኛ፤ በመጨረሻ «የዛሬ ሃያ ዓመት አገራችሁ ምን እንድትሆን ትመኛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ወንዶቹ «እግዜር ያውቃል» አሉ። ሐተታው ይህን ይዞ «ሕዝቡ ለመጪው ዘመን ራእይ የለውም፤ ባለበት ረክቶ ይኖራል» ይላል። ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን ያሳረረው ይህ ነው። ነገን በእግዜር እጅ ነው ማለት ስለ ነገ አለማሰብ ነውን? ውርጭ ገብሱን በፈጀው ዓመት ለልጆቼ ቅጠል ቀቅዬ እያበላሁ በጎታው ያለውን የዘር ገብስ አልነካሁትም። ወለተሩፋኤል ጎታውን እያየች ታለቅስ ነበር። ዘር አስቀምጦ የሚራብ ሰው ስለ መጪው ዘመን ካላሰበ ማን ያስብ? እርሻ የተማረው ልጅ ይህን ለጓደኞቹ ሊነግራቸው አይችልም ነበርን?

እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅ እመልሳለሁ። የምመኘው ወለላ ወልዳ ስትነሣ ማየት ነው። ቀጥሎ የልጇ ልጅ በየሻው የልጅ ልጅ ፊት ቆሞ፣ ወንድ ቢሆን ሴት ቢሆን፣ «ይህ ይጎድለኛል» ሲል መስማት ነው፤ ያን ጊዜ በሕይወት ባልኖርም መቃብሬ ላይ መጥተው ይንገሩኝ። ራእይ የሚሉት ይህ ካልሆነ ሌላ የለኝም።

፯ኛ፤ ይህ ሐተታ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቢቀር እስቄ እተወው ነበር። ነገር ግን ከጥምቀት በኋላ በወረዳችን ከተማ በመካነ ብርሃን በገበያ ቀን ለሕዝብ ተነበበ። ቀድሞ ለእኛ አጥቢያና ለአካባቢው አንድ ቁስል የሚያክም ድሬሰርና አንዲት አዋላጅ ነርስ ከፋሲካ በኋላ እንደሚላኩ፣ ለጊዜውም በኪራይ ቤት ሥራ እንደሚጀምሩ ተነግሮን ነበር። አሁን ጤና ጣቢያውን የሚከፍቱት ሰዎች ሐተታውን አይተው «እነዚህ ምንም አልጎደለንም ብለዋል፤ ላልጠየቀ ከምንሰጥ ለጠየቀው እንስጥ» ብለው ወደ መኪናው መንገድ ዳር አዙረውታል ተባልን። መንገድ ዳር ያለው ሰው መኪና አለው፤ ደባርቅም ጎንደርም ይደርሳል። አራቱ ወጣቶች ግን ሥራቸው መልካም ነው ተብሎ ስኮላርሺፑ ለሁለተኛ ዓመት እንደ ተጨመረላቸው እዚሁ ጎንደር ሰማሁ። እንኳን ደስ ያላቸው ብዬ ልጻፍ ብዬ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የሻው ወደ ጎንደር ልመጣ መሆኔን ሲሰማ «ስማችንን ለሰው አገር ልታጠፊ ነው?» ብሎኛል። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁ። ልጄ ወንዝ ዳር ከሞተች ወዲህ አላምንበትም። የማምንበት ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም የሚለውን ነው። ከዚህ ስመለስ የሻው ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ፤ ድንበሬን ይገፋዋል። ይግፋው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፦

ሀ፤ ሐተታው ስለ ጥድ አፋፍ የተናገረው በሹም ፊት የተነገረ የእንግዳ ማስተናገጃ ቃል እንጂ የሕዝቡ ቃል አለመሆኑ ተጽፎ፣ ጤና ጣቢያውን ለሚከፍቱት ሰዎች ከፋሲካ በፊት እንዲላክልን፤

ለ፤ ለሁለተኛው ዓመት ስኮላርሺፕ የተሰጣቸው ሰዎች ዳግመኛ ሲመጡ በሹም ቤት እንዳያርፉ፣ ሴቶቹን በውኃ መቅጃው፣ ሸክላ ሠሪዎቹን በየቤታቸው ሄደው እንዲጠይቁ፣ ደህና ነን ስንላቸውም አምነውን እንዳይመለሱ፤

ሐ፤ ይህ ሁሉ አይሆንም፣ ጤና ጣቢያውም አይመለስም ከተባለ፣ አቶ ሐዲስ፣ ወይዘሪት ይመኙሽና ሁለቱ ጓደኞቻቸው በግንቦት መጀመሪያ በቤቴ እንዲገኙ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ ነው። በግንቦት ወንዱ ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ወለላን ወደ ደባርቅ የሚሸከም ሰው ያጥረናል።

መልሱን ለመስማት እስከ መጪው ቅዳሜ ጎንደር እቆያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ልጄ ዘንድ መሆን አለብኝ።

ለክቡርነትዎ ጤና እየተመኘሁ፣ ከከበረ ሰላምታ ጋር

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጎሹ
(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)

ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ የጻፍሁት
ፋንታሁን ወልደኢየሱስ