ወርሻችንና የፋናዬ ሴሎች

ሰኞ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1991

በአንድ ብቻ ነው የወደቀችው። በአንድ። በባዮሎጂ ብቻ።

ልጄ እያለቀሰች ስትገባ በሦስት በአራቱ መስሎኝ ነበር። ውጤቱን አስነበብኳት… አረብኛ አወራለሁ እንጂ ማንበብ የት አውቄ። ሒሳብ አልፋለች። ታሪክ አልፋለች። አገላብጬ ሳምኳት።

«እማ፣ ወድቄ እኮ ነው» አለች ፋናዬ።

አልወደቅሽም፣ ተደናቅፈሽ ነው አልኳት። ነሐሴ ላይ ድጋሚ ፈተና አለ፣ እዚህ ካይሮ ሙልሐቅ ይሉታል። ካለፈች ከጓደኞቿ ጋር ወደ ላይኛው ክፍል። ካላለፈች ዓመቱ እንዳለ ይደገማል። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከታናናሾቿ ጋር ልትቀመጥ… አይሆንም።

ማታ ለኢያሱ ነገርኩት። «ማን ያስጠናታል?» አለ።

«እኔ።»

«አንቺ ራስሽ በባዮሎጂ ስንት አመጣሽ?»

«ሲ።»

«እናቷን ነው የመሰለችው በያ» ብሎ ሳቀ። ባል ነው እንግዲህ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 22

ከባድ ነው። መጽሐፏ አረብኛ፣ እኔ ደሴ የተማርኩት በእንግሊዝኛ። እሷ ታነባለች፣ አይገባትም። እኔ ትንሽ ትንሽ ትዝ ይለኛል፣ ማንበብ አልችልም። አንዱን ነገር እሷ በአረብኛ ትጠራዋለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ፣ አንግባባም። ሥዕሉም ሥዕል አይደለም፣ የተሰነጠቀ እንቁላል ነው።

መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ዘጋችው። «ኸላስ እማ፣ በቃ። ጭንቅላቴ አይቀበለውም።»

እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

እሑድ፣ ሐምሌ 25

አገኘሁት። ማሽኔ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘሁት።

የትምህርት ቤት ልብስ ወቅት ስለሆነ ወርሻችን፣ ስፌት ቤታችን፣ ቀና የሚባልበት ጊዜ የለም። ኮሌታ ስሰፋ በሩን አየሁ። በዋቡ፣ በር ጠባቂው ዐም ሐሰን፣ ክር ያመጣውን አስገባ፣ ካልሲ የሚያዞረውን መለሰ፣ የብጥስጣሹን ጆንያ አስወጣ። ይሄ ይገባል፣ ያ አይገባም፣ ይሄ ይውጣ። የሴል ሽፋን ማለት ይኸው አይደል? ታዲያ ሌላውስ?

ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ሴል ማለት የእኛ ወርሻ ናት» አልኳት።

«የአንቺ ወርሻ?» ቅር አላት።

«ስሚኝማ። በሩ ላይ በዋብ አለ።»

«ጉቦ ይበላላ?»

«የሴሉ አይበላም።»

«እንግዲያው የካይሮ አይደለም» አለች። ሳቀች… ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ።

ልብስ በሚቆረጥበት የቅድ ወረቀት ላይ ሳልናት። ኑክለስ አለቃችን ኡስታ ሰይድ ጨርቅ የሚቆርጥበት ክፍል ነው። ዋናው ቅድ እዚያ ይቀመጣል፣ ከክፍሉ አይወጣም፣ ግልባጩ ብቻ ነው እኛ ጋ የሚመጣው። የተሰፋውን አጣጥፎ፣ አሽጎ አድራሻ የሚለጥፈው ጎልጂ። ብጥስጣሹን የሚያጠፋው ላይሶዞም። መብራት ሲሄድ የምናስነሳው ጄኔሬተር ማይቶኮንድሪያ።

«እማ፣ የእናንተ ጄኔሬተር አንድ ነው። መጽሐፉ ብዙ ነው ይላል። ጡንቻ ውስጥ ደግሞ በጣም ብዙ።»

«እንግዲያው በየማሽኑ ሥር አንድ አንድ ሳይልኝ።»

አረመችኝ እኮ። ያቺ «ጭንቅላቴ አይቀበለውም» ያለችው።

«እኔስ የቱ ነኝ?» አልኳት፣ ኑክለስ ትለኛለች ብዬ።

«ራይቦዞም።»

«ያቺ ነጠብጣቧ?»

«ግልባጩን እያየች የምትሰፋው እሷ ናት እማ። ያለ እሷ ቅዱ ወረቀት ነው።»

መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ግን… ኢያሱ ደግሞ ሰምቶ ኖሮ «ወይዘሮ ራይቦዞም፣ ራት ደርሷል?» ይለኛል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 3

የተክል ሴል ከበዋቡ ውጭ ግንብ አለው። ምግቡንም ከፀሐይ ራሱ ያበስላል። ይህን ፍልሰታን እየጾምኩ ስሰማው ቀናሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

ዛሬ አፋጠጠችኝ። «ሁሉም ሴል ውስጥ ያለው ቅድ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለምንድነው አንዱ ነርቭ፣ አንዱ ጡንቻ የሚሆነው?»

አላወቅሁም። «ነገ» አልኳት። ነገ ምን ልላት ነው?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8

ኡስታ ሰይድ የሸሚዝ ቁልፍ አምጪ ብሎ ፈይሰል ሰፈር ወዳለው ሌላ ወርሻ ላከኝ። ባለቤቱ አንድ ነው፣ ግን እነሱ ሱሪ ብቻ ነው የሚሰፉት። ቁልፉን ስፈልግ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ… የእኛ የሸሚዝ ቅድ። እዚያ። ሙሉው። በገመድ ታስሮ፣ አቧራ ጠጥቶ።

«ይሄ ምን ይሠራላችኋል?» አልኳት ሰፊዋን።

«ሁሉም ወርሻ ሁሉም ቅድ አለው። እኛ የሱሪውን ነው የምንፈታው።»

ቁልፉን ረስቼ ወጣሁ። ተመልሼ ወሰድኩ። ማታ ለፋናዬ ነገርኳት፦ ቅዱ ሁሉም ጋ አለ፣ የሚለያዩት በፈቱትና አስረው በተዉት ነው። ማሽኑም እንደ ሥራው ይለያያል፣ የሱሪ ወርሻ ከባድ ማሽን አለው፣ እኛ የለንም።

ከዚያ ራሷ ቀጠለች። «ቀይ የደም ሴል ኑክለስ የለውም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? ልብሳችሁን የሚያደርሰው ሰውዬ የሚክሮባሱን ወንበር ነቅሎ አውጥቶት የለ? ብዙ እንዲጭን። ቀይ ሴልም መጀመሪያ ነበረው፣ አወጣው። ኦክስጅን እንዲጭን።»

እኔ አልነገርኳትም። ከራሷ ነው። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ እንባዬን እንዳታይ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

ነገ ነው። ድንገት ፍርሃት ያዘኝ። ወረቀቱ ላይ በዋብ ብላ ብትጽፍስ? ከሥራ መልስ «በዋብ» ስላት የመጽሐፉን ስም፣ «ጄኔሬተር» ስላት የመጽሐፉን ስም። አንዱንም አልሳተችም። «ወርሻውን እዚሁ ትተሽው ሂጂ» አልኳት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

አልተወችውም።

የመጨረሻው ጥያቄ ያው ነበር፣ ሴሎች ለምን ይለያያሉ የሚለው። የመጽሐፉን መልስ ጽፋለች፣ እሺ። ከሥሩ ጨመረችበት፦ «እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በወርሻዋ…»

«ለምን?» አልኳት።

«ምሳሌ ስጡ ይላላ። በደንብ የማውቀው ምሳሌ እሱ ነው።»

ለጓደኞቿ እናቴ ኩባንያ ውስጥ ናት እንደምትል አውቃለሁ። የምን ኩባንያ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ዛሬ ለማታውቀው አራሚ ጻፈችው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ? ሰውዬው ቢስቅስ? ነጥብ ቢቆርጥባትስ?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 15

ውጤት የለም። ዛሬ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። አስቴር ከአጠገቤ ካለው ማሽን፣ «ፈተናውን የተፈተነችው ልጅሽ ናት ወይስ አንቺ?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 18

አለፈች።

ስልክ አልደወለችም። ወርሻ መጣች። ከዚያ በር አልፋ የማታውቀው ልጅ። ዐም ሐሰን «ወዴት ነሽ?» ሲላት ሰማሁ። «የከፍያለች ልጅ ነኝ» አለችው፣ ጮክ ብላ፣ በማሽኑ ጩኸት መሐል። አስገባት።

በአረብኛ ለሁሉም ተናገረች። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ሙሉ ነጥብ። አራሚው ከምሳሌዋ ሥር «ጥሩ ነው» ብሎ እንደጻፈበት አስተማሪዋ ነግራታለች። አስቴር እልል አለች። ኡስታ ሰይድ ራሱ መቀሱን አስቀምጦ መጣ። «ኑክለሱ እኔ ነኝ አሉ?» ሲላት፣ «አዎ፣ ግን ያለ እናቴ የትም አይደርስም» አለችው። ሰዉ ሳቀ። እኔማ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ቤት ስንመለስ ድግስ አለ አልኳት። ማንን እንጥራ ስል የትምህርት ቤት ጓደኞቿን ትቆጥራለች ብዬ ነበር። እነሱን ጠራች፣ ከዚያ፣ «የወርሻውን ሰው ሁሉ። ጓደኞቼ እንዲያውቋቸው።»

ቀኑ ላይ ተከራከርን። ዓርብ ለወርሻው ዕረፍት ነው፣ ለእኛ ጾም። እሑድ ለእኛ ዕረፍት ነው፣ ለወርሻው ሥራ። ኢያሱ «ዓርብ ሽሮ አብዪና ገላግዪን» አለ። በሽሮማ አይሆንም። ጾሙ ተፈቷል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ ለዚህች ልጅ ዶሮ ይታረዳል። ኡስታ ሰይድንም ቀድሜ አናግሬዋለሁ፣ በጊዜ ይለቀናል።

እንግዲህ የፈይሰሎቹም፣ ዐም ሐሰንም በሩን ቆልፎ፣ ባለሚክሮባሱም፣ የፋናዬ ጓደኞችም ከነእናቶቻቸው… እሑድ ነሐሴ 23፣ ከሥራ መልስ፣ ሀረም ሰፈር፣ እኛ ቤት። የሚቀር የለም።