የአባቴ መሬት፣ አራተኛ ፎቅ

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማቴዎስ ዛሬ በባጃጅ ወደ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወሰደኝ። ቤት የገዛበትን ሊያሳየኝ ነው። ቦታው የአባቴ መሬት እንደነበር ያውቃል። ልጅ ሆኜ እንሰታችንን ነቅለው የአውሮፕላን ሜዳ ሲያደርጉት፣ የዚያን ጊዜው ሹም አባቴን “አውሮፕላኑ የቀረ ዕለት መሬትህ ይመለስልሃል” ብሎት ነበር። አባቴም ሞኝ ነው፣ አመነ። እስኪሞት ድረስ በአጥሩ በኩል ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ሰማዩን ያይ ነበር።

ይኸው አውሮፕላኑ ቀረ። መሬቱ ግን ለፎቅ ሠሪዎች ተሰጠ። በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ማቴዎስ ሊያነብልኝ ሲል “ተወው፣ አነባለሁ” አልኩት። “ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው” ይላል። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ኖሯል።

“እማዬ፣ እኛ ስንገባበት ተመለሰልሽ ማለት እኮ ነው” አለኝ እየሳቀ። “አንቺም ከእኛ ጋር ትሆኛለሽ።”

“የቱ ጋ?”

“አራተኛ ፎቅ። ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል።”

ሐይቁን ምን ላደርገው? “ምድር ላይ ባለ ክፍል ለውጠውና እመጣለሁ” አልኩት።

“ምድሩ ለሱቅ ነው፣ እማዬ።”

እሺም እምቢም አላልኩት። እሑድ መልሴን ሊሰማ ይመጣል።