የተቸነከሩት መድፎች

ከዱንካርግ ግንብ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1572

ይድረስ ለልጄ ለግሪዘል፣ ዲየፕ ወደብ፤

እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ፈረንሳዩ ባልሽስ፣ ትንሿስ? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ያለሁበት ክፍል ከመድፈኞቹ ማደሪያ ይሻላል፤ ባሕሩን ያሳያል። አዎ፣ ታስሬያለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ይሻላል ብዬ ነው።

ከተማችን ለሕፃኑ ንጉሥ ወታደሮች በሯን ከፈተች። ጌታችን ሰር ጊልበርት ደግሞ ግንቡን ዙፋኗን ለተነጠቀችው እናቱ ለንግሥቲቱ ይዞ ተቀምጧል። «እሳቸው» ማለቱን ትቻለሁ፣ አትቆጪኝ። ሰኞ ዕለት ግንቡ አናት ላይ ወጣና መድፎቹን ሁሉ ወደ ከተማዋ እንዳዞር አዘዘኝ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እዚያ ያለው የገዛ ሰውዎ ነው» አልኩት።

«ለጠላት በር የከፈተ የኔ ሰው አይደለም።»

«ገብሳቸውን ጠርገን በልተንባቸው፣ በባዶ ሆዳቸው በር ይጠብቁልዎ እንዴ?»

ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ኒንያን፣ ወጉን ታውቃለህ። በመድፍ የወደቀ ከተማ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለመድፈኞች አለቃ፣ ላንተ ነው። ብትፈልግ አቅልጠው፣ ብትፈልግ ሽጠው» አለኝ።

አየሽ ልጄ፣ ስንት ዘመን ግንቡንም መድፉንም የጠበቅኩለት ሰውዬ፣ አንቺ ክርስትና ስትነሺ የተደወለውን፣ እናትሽን የሸኘንበትን ደወል ሊሸልመኝ። ደሜ ፈላ።

«እሺ ጌታዬ» ብዬ ወረድኩ። መዶሻና ምስማር አነሳሁና የየመድፉን መለኮሻ ቀዳዳ ቸነከርኩት፤ እሳት ካልገባበት መድፉ አይተኮስም። የምስማሩንም አናት ቆርጬ ጠፍጥፌዋለሁ፣ በጉጠት የሚያዝ ነገር አልተውኩም። መድፈኞቼ ቆመው ሲያዩኝ አንዱም «ተው» አላለኝም። ከዚያ ራሴ ሄጄ ለሰር ጊልበርት ነገርኩት። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀላ፤ እዚህም አስቆለፈብኝ።

ዛሬ ጠዋት መጥቶ መሰርሰሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። «ቀዳዳዎቹን ክፈትና ምሬሃለሁ። እምቢ ካልክ ነገ ትሰቀላለህ። እስቲ ልጅህን አስብ» አለ። በአንቺ መምጣቱ ነው ያንገበገበኝ። የማላስብሽ መስሎት ነው እንዴ? ቀኑን ሙሉ የማስበው አንቺን ነው። ፈርቻለሁም፣ አልዋሽሽም። ግን ፈራሁ ብዬ ጎረቤቶቼን በመድፍ አልደበድብም።

ወጥ ቤቷ አሊሰን ይህን ደብዳቤ በጉያዋ ይዛ ልትወጣ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። ወደዚህ እንዳትመጪ፣ መንገዱ ደህና አይደለም። «አባትሽ ከሃዲ ነው» የሚል ካጋጠመሽ አንገትሽን እንዳትደፊ። ትንሿን ሳሚልኝ። እግዚአብሔር ቤትሽን ይሙላው፣ የወለድሻትን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

በዚህ ግንብ ምስማር መሰርሰር የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም። መሰርሰሪያውም ያው አንድ ነው። አሁን በመስኮት ወርውሬው መጣሁ፣ ባሕሩ እዚህ ጋ ጥልቅ ነው።

አባትሽ
ኒንያን ጌዴስ፣ የዱንካርግ መድፈኞች አለቃ