ስለ ዘይነብ ሳል የሰጠሁት መልስ

ሰኞ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2013፣ ደሴ

ልጄን ዘይነብን ለኩላሊት እጥበት ከመርሳ አመጣኋት። በጦርነቱ መኪና ጠፍቶ ያለፈው ሳምንት አምልጧት ነበር። ነርሷ «አባባ፣ ሳል አላት እንዴ?» አለችኝ። «ውሃ ስለያዘች ነው፤ ስትታጠብ ይለቃታል» አልኩ። ከሦስት ቀን ጀምሮ ትኩሳት እንዳላት ደበቅኩ። የሚያስል ሰው የአፍንጫው ምርመራ ውጤት እስኪደርስ አይታጠብም፤ መንገዱ እንዳይዘጋብን ፈራሁ። ጾሜን ይዤ ዋሸሁ። እናቷ ብትኖር እውነቱን ትናገር ነበር።

አጠገቧ የሚታጠቡት ሽማግሌ ሐጂ «አብሽሪ ልጄ» እያሉ ያጽናኗት ነበር። በእጥበቱ መሀል ሳሏ ባሰ። ሲመረምሯት ኮሮና ተገኘባትና ለብቻዋ አስተኟት። ሐጂ ሰምተውም አልተቆጡኝ። «ነገ አረፋ ነው፤ ለኔም ዱዓ አድርግልኝ» ብለውኝ ወጡ።

ከመግሪብ በኋላ እጄን ዘረጋሁ። የልጄን ስም ልጠራ ስል የሳቸው ቀደመኝ።