የተቃጠለው ፍቺዬ

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ጠዋት
ሩዙ ተጥዷል። ማማ፣ አሠሪዬ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ ወጥታለች፤ እዚህ ዓረብ አገር እሑድም ትምህርት አለ። ከሰሞኑ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱን ታውቃለህ ደብተሬ፦ ጀማል። እዚሁ ሩሰይል ሰፈር መጋዘን የሚሠራው የደሴ ልጅ። ኒካህ እንሰር አለኝ። ሴት ልጅ ትንሽ ትለመናለች ይባላል፤ እኔ ወዲያው እሺ። አሁን የፍቺ ወረቀት አምጪ ተብያለሁ። ከሰይድ ጋር ከተፋታን ስድስት ዓመት ሆነን፤ ምን ችግር አለው።

ማክሰኞ 9
ችግር አለው። ወንድሜ አሕመድ ከወሎ ደወለ። የከተማችን ሸሪዓ ፍ/ቤት በጦርነቱ ጊዜ ከነመዝገቡ ተቃጥሏል። የጋብቻ ወረቀቴ ግን እናቴ ሣጥን ውስጥ በሰላም ተቀምጧል! የፍቺውን ቅጂ ያኔ ማየት ስላስጠላኝ አልወሰድኩም። ሞኝ። እንግዲህ በሕግ የሰይድ ሚስት ነኝ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ከምስክሮቹ አጎቴ በጦርነቱ ሞቷል፤ ሌላኛው ተፈናቅሎ የት እንደደረሰ አይታወቅም። መዝገብ ለተቃጠለበት ሰው አሁን የወጣው ደንብ፣ ባልየው ራሱ ቀርቦ ቃሉን ይስጥ ይላል።

ሐሙስ 11፣ 9፡30
ማፊ ወሬ፤ ከአሕመድ ምንም አልተሰማም። ለጀማል ነገርኩት። ሰይድ ዛሬ ነው የፈታኋት ካለ ዒዳ እንደ አዲስ ልትቆጥሪ ነው አለኝ። ሦስት ወር ሳላገባ ልቆይ! የጀማል ኮንትራት የሚያልቀው በታኅሣሥ ነው፤ ከዚያ ወደ አገር ይመለሳል። ያ ሰውዬ ደግሞ እልኸኛ ነው፤ አብሬው ኖሬአለሁ። የልጆቹን ልብስ ሁለቴ ተኮስኩት።

ሰኞ 15
ኻላስ! ለሁለተኛ ጊዜ ተፈታሁ። አልሐምዱሊላህ!
ሰይድ በክራንች ቃዲው ፊት ቀረበ አለኝ አሕመድ። አንድ እግሩን በጦርነቱ አጥቷል። ማንም አልነገረኝም። ቃዲው መቼ ፈታሃት ሲለው ቀኑን አልረሳውም አለ፦ ሐምሌ፣ የሰኞ ገበያ ዕለት፣ ዝናብ እየጣለ። ጥፋቱ የኔ ነበር ብሎም ጨመረ፣ ሳይጠየቅ። እኔ ቀኑን ረስቼዋለሁ። አለቀስኩ። ማማ ሽንኩርቱ መስሏት መስኮቱን ከፈተችልኝ።

ረቡዕ 17፣ ከሰዓት
ኒካሁ ዓርብ ነው፣ አል አንሳብ ሰፈር፣ የጀማል ጓደኛ ቤት። ማማ ራሷ ልታደርሰኝ ነው። ሽቶዋንም ትቀባኛለች። ደስ ብሎኛል፣ በጣም። አንድ ነገር ብቻ ይጎረብጠኛል። ሰይድን ስድስት ዓመት ስረግመው ኖሬአለሁ። ስልክ ቁጥሩን ከአሕመድ ተቀበልኩ። ለጀማል ነገርኩት፤ ደውዪለት አለኝ። ሌላ ቤት ሳልገባ አውፍ ልለው፣ ይቅር ልለው ወስኛለሁ፤ ከልቤ። እየጠራ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር እንኳ አላ—